ለዓይን ያዝ ሲያደርግ

በጥቅምት መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ጀምበር የምትጠልቀው ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ነው። ከጠለቀች በኋላ ደጅ ቆሞ ያለ መብራት ፊደል መለየት የሚቻለው ለ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ባለ አገር ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቁልቁል ስለሆነ ፈጥና ትሰጥማለች። በዚያው ሰሞን ስቶክሆልም ላይ አድማሱን እየታከከች በአግድም ትወርዳለች፤ ድንግዝግዙም ወደ 40 ደቂቃ ይሳባል። የሰሜን ጸሐፊዎች ስለ አመሻሽ ያን ያህል የጻፉት አመሻሹ ራሱ ጊዜ ስለሰጣቸው ጭምር ነው።

የሰው ዓይን ግን የትም አገር ቢሆን አይቸኩልም። ከደማቅ ብርሃን ወደ ጨለማ ሲሻገር ሙሉውን የሌሊት እይታ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንደኞቹ ቀለም ይለያሉ፤ ደማቅ ብርሃን ካላገኙ ግን አይሠሩም። ሌሎቹ ቀለም አያውቁም፤ ለጭላንጭል ግን እጅግ ንቁ ናቸው። እነዚህ የጭላንጭል ሕዋሳት የሚሠሩበትን ንጥረ ነገር ሰውነት የሚያዘጋጀው ከቫይታሚን ኤ ነው፤ ቫይታሚኑ ያነሰውን ልጅ ዳፍንት የሚይዘውም ለዚህ ነው። ጤነኛ ዓይን እንኳ ቢሆን ሥራውን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እስኪያስረክብ ጊዜ ይወስዳል።

በዛፍ ሥር ድንግዝግዙ ከሜዳው ያነሰ ነው። ስለዚህ በጥቅምት ምሽት ብቻውን እንጦጦ ጫካ ውስጥ የሚሄድ ሰው ለጥቂት ጊዜ ጨለማው ዓይኑን ይቀድመዋል። የቀኑ እይታ ሄዷል፤ የሌሊቱ ገና አልደረሰም። በዚህ መሐል ሰውየው ዓለሙን ቀን በለመደው መንገድ ማወቅ አይችልም፤ መሄዱን ግን አላቆመም። ስለ እውቀት ብዙ የተጻፈው ብርሃን ላይ በቆመ ሰው አንጻር ነው። ይህች የመሐል ጊዜ ግን ሌላ ዓይነት አዋቂ ትጠይቃለች።

እንጦጦ ለአዲስ አበባ ሰው የሰፈር ጫካ ነው። ከሽሮ ሜዳ ገበያ ተነሥቶ ሽቅብ የወጣ ሰው ብዙም ሳይደክም ዛፍ ውስጥ ይገባል። የጋራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ይደርሳል። ሸንተረሩ የሁለት ወንዞችን ዕጣ ይለያል፤ በደቡቡ ፊት የወረደ ዝናብ በቀበናና በቀጨኔ በኩል አቃቂ ገብቶ አዋሽን ይቀላቀላል፣ መጨረሻውም አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ነው። በሰሜኑ ፊት የወረደው ወደ ሱሉልታ ሜዳ፣ ከዚያ በሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ያበቃው ክረምት በአንድ ቦታ ላይ አንዱን ጠብታ ለበረሃ፣ አጠገቡ የወደቀውን ለሜዲትራኒያን ባሕር ሰጥቷል። ሸንተረሩ ላይ የቆመ ሰው ግን ያንን ድንበር በዓይኑ አያየውም፤ እግሩ ሥር ያለው ያው ሣርና ያው ድንጋይ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በዚሁ ጋራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ያን ጊዜ የዛሬው ጫካ አልነበረም። ጋራውን ሸፍኖት የኖረው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናምኖ ነበር። ከተማዋ ወደ ታች ወደ ፍልውሃ ከወረደች በኋላም የእንጨቱ ችግር ተከትሏት ወረደ። ከሩቅ በአጋሰስ የሚመጣው እንጨት ስላልበቃ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ቤተ መንግሥት ሊሆን የተጀመረው ሕንፃ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች። እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች ዋነኛው ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ አማካሪ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል፤ ጊዜውም በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ዛፉ በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ባሕር ዛፍ ዛሬ ክፉ ስም አለው። ውኃ ይመጥጣል፣ ሥሩ ሌላ አያበቅልም፣ ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም ይባላል፤ አብዛኛው እውነት ነው። የአገር ዛፎች፣ ጥድ፣ ኮሶ፣ ወይራና ዝግባ፣ ወደ እንጦጦ እንዲመለሱ መተከላቸውም የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የከተማውን እንጀራ ከመቶ ዓመት በላይ ያበሰለውን ዛፍ እንደ ወራሪ ብቻ ማየት ውለታ መርሳት ይሆናል። ብቻውን የሚሄደው ሰውም ይህን ማሰብ ይኖርበታል፤ ከሰው ሸሽቶ የገባበት ጫካ ራሱ የሰው ሥራ ነውና። ተክሎታል፣ ቆርጦታል፣ ተሸክሞታል፣ ደግሞ ተክሎታል። ከጥንት እጅ ያልነካው ዱር ውስጥ ገብቶ ከራሱ ጋር የሚነጋገር ሰው በሌሎች ልብ ወለድና ታሪክ ውስጥ ሞልቷል። እንጦጦ ላይ እንዲህ ያለ ሰው የለም።

ወቅቱም የራሱ ነገር አለው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። በሰሜን አውሮፓ በዚያው ጊዜ ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ፣ የዛፉ ቅጠል አረንጓዴውን ማቅለሚያ እያፈረሰ ንጥረ ነገሩን ወደ ግንዱ ይመልሳል፤ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ይገለጣል፣ ከቅጠሉ እግር ላይ ቀጭን የመለያ ሽፋን ይሠራና ቅጠሉ ይወድቃል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ መጸው የሞትና የመሰናበት ወቅት ነው የሚል ስሜት በዓለም ሥነ ጽሑፍ ተስፋፍቷል። በተማረበት መጽሐፍ ምክንያት ያንን ስሜት ይዞ እንጦጦ የወጣ አበሻ ጥቂት አይደለም። የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። ጥዱ አረንጓዴ ነው፤ ወይራው አረንጓዴ ነው። እነዚህ ዛፎች ቅጠላቸውን የሚያራግፉት በአንድ ሰሞን ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ነው። ባሕር ዛፉ ከቅጠሉ ይልቅ ልጡን እየላጠ ይጥላል። መሬቱ ደግሞ ገና የክረምቱን ውኃ አልጨረሰም፤ የአደይ አበባ ቢጫ በየሜዳው ሰንብቶ ገና መጠውለጉ ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ጽጌ ይባላል። በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ካህናቱ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ይቆማሉ፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷንም ያስባሉ። ስለዚህ በኢትዮጵያ የመጸው ዋና ምስል የሚወድቅ ቅጠል ሳይሆን በአበባ መሐል የምትሰደድ እናት ነች። ሁለቱን እንዲህ አጣምሮ የያዘ ወቅት ከቀላል ሐዘንም ከቀላል ደስታም ይሰፋል። አበባው ስደቱን አያስረሳም፤ ስደቱም አበባውን አያረግፍም።

ወፎቹም ይህንኑ በሌላ መንገድ ይናገራሉ። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች የኢትዮጵያን ደጋ ይሞላሉ። ጅራታቸውን ያለማቋረጥ የሚያወዛውዙት ቢጫ ወፎች ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከከብቱ እግር ሥር ነፍሳት ይለቅማሉ፤ ወንዱ አናቱ ጥቁር የሆነው ትንሽ ግራጫ ወፍ ደግሞ በቁጥቋጦው ውስጥ ይሹለከለካል። አገራቸው ላይ ቅጠል ሲረግፍ የጀመሩትን ጉዞ እዚህ አበባ ላይ ይጨርሱታል። የአንዱ አገር መጸው የሌላውን አገር መጸው እንዲህ ያገኘዋል፤ ወፎቹ ሁለቱን በክንፋቸው ሲያገናኙ ሰው በመጽሐፍ ብቻ ለማገናኘት ይሞክራል።

ከአገር ዛፎች ውስጥ ቀለም የሚለውጥ አንድ አለ፤ ብሳና። ቅጠሉ ከመውደቁ በፊት ብርቱካናማ ይሆናል። ነገር ግን ዛፉ በሙሉ በአንድ ቀን አይነድም። እዚህ አንዱ፣ እዚያ አንዱ፣ በአረንጓዴው መሐል ተነጥሎ ይቀላል። ብሳና አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው እርጅናን ሲያስብ የሚመጣለት ሐሳብ ከስዊድን ጫካ ከሚመጣው የተለየ ነው፦ ሁሉ በአንድነት አይሄድም፤ የሚሄደው እየሄደ የሚለመልመው ይለመልማል። በእርግጥ በአንድ ቤት ውስጥ አያት ሲደክምና የልጅ ልጅ ሲድህ ያየ ሕዝብ ይህን ከብሳና መማር አያስፈልገውም። ቢሆንም ዛፉ ላይ ሲያየው ደስ ይለዋል።

መጸው ግን ሁሉ ደስታ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያ ዓለምን ያዳረሰ ኃይለኛ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ በየደጁ የሚቃጠለውን፣ ኅዳር ሲታጠን የሚባለውን ልማድ ብዙ ሰው ከዚያ መቅሠፍት ጋር ያያይዘዋል። በዚያ ቀን ከእንጦጦ ቁልቁል ላየ ሰው ከተማው ከጭስ በታች ይሆናል። ከተማው ዘንድ ሞት በመጸው የሚታወሰው በወደቀ ቅጠል አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት ከደጁ አውጥቶ በሚያቃጥለው ጥራጊ ነው። ሐዘኑ የብቻ አይደለም፤ ጭሱም የጋራ ነው።

ብቻ መሆን እዚህ አገር በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በመሸ ጊዜ ብቻውን ጫካ ውስጥ የሚሄድ ሰው ያገኘ ሁሉ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ወዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ሰላማዊ መንገደኛ ነው። እንዲሁ እየሄድኩ ነው የሚል ሰው ግን ጠያቂውን ያሳስበዋል። ወይ ሐዘን አለበት፣ ወይ ከሰው ተጣልቷል፣ ወይ ባሕታዊ ነው፣ ወይ አይታወቅም። ጥያቄው ሰውን ብቻውን ላለመተው የሚጠየቅ ነው፤ በዚህ ልክ ደግነት አለው። ለሚያስብ ሰው ግን ከባድ ነው፤ ብቻ መሆን ካልቸገረ ወይም ካልተቀደሰ በቀር ምክንያት ያለው አይመስልምና።

በኢትዮጵያ የፍልስፍና ጽሑፍ ስሙ የሚነሣው ሰው ብቻውን የሆነው ወዶ አይደለም። በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ እንደተተረከው፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የአክሱሙ መምህር ዘርዓ ያዕቆብ በምቀኛ ተከሶ ነፍሱን ለማዳን ሸሸ። መዝሙረ ዳዊቱንና ጥቂት ወርቅ ይዞ ሄዶ በተከዜ አጠገብ ዋሻ አገኘና ንጉሡ እስኪሞት ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ጽሑፉን የጻፈው እርሱ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር፣ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ካስነሣው ወዲህ እስካሁን አልበረደም። ባለቤቱ ማንም ይሁን፣ ጽሑፉ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ለዚህ ጉዳይ ትጠቅማለች። ሰውየው ማታ አውሬ እንዳይደርስበት የዋሻውን በር በድንጋይና በእሾህ አጠረ። ከዚያ በኋላ ነው የሚያስበው፤ ጸሎቴን የሚሰማ አምላክ በእርግጥ አለን ብሎ እስከመጠየቅ የሚደርሰው። ያ ድፍረት ሁሉ የተነሣው ከአጥር ውስጥ ነው። ምግብ ሲያልቅበትም ወጥቶ ከሰው ይለምን ነበር። በዋሻ ያለውን ልቡና የሚያበራው ብርሃን በገበሬው እንጀራ ላይ የቆመ ነበር።

ሲመሽ ብቻውን የሆነው ሌላው ሰው ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1776፣ የ64 ዓመት አዛውንት ሳለ፣ ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሜኒልሞንታን በኩል በወይን እርሻዎችና በሜዳ ብቻውን ሲዘዋወር ዋለ። ወይኑ ተለቅሟል፤ ከተሜው ለሽርሽር መውጣቱን ትቷል፤ እርሱ ግን የሜዳ ተክሎችን እያየ ይለይ ነበር። ሲመለስ ምሽት ላይ ከአንድ ሠረገላ ፊት እየቀደመ የሚሮጥ ትልቅ ውሻ ገጨውና በፊቱ ተደፋ። ሲነቃ መሽቷል። ኋላ በጻፈው የብቻ ጉዞዎች መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ እንደነገረን፣ በመጀመሪያ ያየው ሰማይ፣ ጥቂት ኮከቦችና ጥቂት ቅጠል ነበር፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ አላወቀም፤ ሕመምም ፍርሃትም አልነበረውም። ሰዎች ሠረገላ ይዞ እንዲሄድ ቢመክሩትም በእግሩ ቤቱ ገባ። መጽሐፉን ሳይጨርስ በ1778 ሞተ።

ሩሶ ያን ቅጽበት እንደ ታላቅ ደስታ ያስታውሰዋል። ምክንያቱን በራሱ መንገድ መፈለግ ይቻላል። ይህ ሰው ሕይወቱን ሙሉ የሰዎች ዓይን ያሳደደው ነበር፤ ጠላቶቼ ያዩኛል፣ ያሙኛል፣ ያሴሩብኛል ይል ነበር። ምሽቱና ውሻው በአንድነት ተመልካችነቱንም ታይነቱንም ወሰዱለት። ለአንድ አፍታ የሚያየውን የኔ፣ የሚያዩትን ጠላት አላለም። ዘርዓ ያዕቆብ በአጥር ውስጥ ልቡናውን ሲያበራ፣ ሩሶ መንገድ ላይ ወድቆ ልቡናው ለጊዜው ጠፋ። ሁለቱም ከመሸ በኋላ ያገኙት ነገር ነበራቸው፤ የተገኘው ግን አንድ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሩሶን መንገድ ወደ እንጦጦ ቅርብ አድርጎ ያየዋል፤ ወድቆ ባይሆን ይሻላል እንጂ።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጫካው መጀመሪያ የሚያጣው ቀይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 የቼክ ሐኪም ያን ፑርኪኔ ይህን ጽፎታል፤ ብርሃን ሲያንስ ቀይ ቀለም ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊና አረንጓዴው ግን ለጊዜው ይደምቃል። በቀኑ ብርሃን የሚሠሩትና በጭላንጭል የሚሠሩት ሕዋሳት የሚመርጡት ቀለም ስለሚለያይ ነው። እንጦጦ ላይ ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ከማርያም ማታ የምትመለስ ሴት የለበሰችው ነጠላ ጥለቱ ቀይ ከሆነ፣ ጥለቱ ከሩቅ ጥቁር ይሆናል። ነጩ ግን ይቆያል። ፊት ከጠፋ፣ እጅ ከጠፋ በኋላ እንኳ ነጠላው በመንገዱ ላይ ይራመዳል። ከዚያ ለባሿን የሚለያት ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው። እንደምን አመሹ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ የሚመልሰውም ሰው በድምፁ ይታወቃል። ቀን ከሰው ጋር ተያይተን እንነጋገራለን፤ በዚህ ሰዓት ተነጋግረን እንተያያለን። ለማያውቁት ሰው ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ከቀን ይልቅ በምሽት መበርከቱ፣ ድምፅ ካልተሰጣጡ አብረው በአንድ መንገድ መኖራቸውን ስለማይተማመኑ ነው።

አፍንጫም ይነቃል። የጥቅምት ምሽት ሲቀዘቅዝ የባሕር ዛፉ ሽታ ከጭስ ጋር ተደባልቆ ከታች ይወጣል፤ በዚያ ሰዓት ታች ቅጠል እያነደደ እንጀራ የሚጋግር ቤት አለ። እግርም ያውቃል። ጠንካራው መንገድ፣ ለስላሳው ቅጠል፣ ልጡ ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ አቅጣጫ ይነግረዋል። ሰውየው በዓይኑ ሲመራ አንድ ነበር፤ አሁን ብዙ አስተዋዮች በውስጡ ተነሥተዋል፣ አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም። ቀን ላይ የነበረው ፍርድ፣ ይህ ዛፍ ነው፣ ያ ድንጋይ ነው የሚለው፣ ወደ ግምት ይወርዳል። ድንጋይ ይመስላል፤ ሰውም ሊሆን ይችላል፤ ቀስ ብሎ መቅረብ ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ድክመት የሚመስለው ብርሃን ለለመደ ሰው ብቻ ነው። ቀን ላይ ስንቱን ሰው ድንጋይ ብለን አልፈነዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች አሉ። ስለ ጫካው ተጽፎ እነሱን መተው እውነቱን ግማሽ ማድረግ ነው። ለአሥርታት ከጋራው ላይ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የማያንስ እስር በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ወርደዋል። አጎንብሶ የሚሄድ ሰው ሰማይ አያይም፤ ፊቱ ያለው መሬትና የራሱ እግር ነው። ምሽት ለእነሱ የማሰቢያ ጊዜ ሆኖ አያውቅም፤ ሳይመሽ ገበያ የመድረሻ፣ ልጅ የማብያ ሰዓት ነው። ነገር ግን ብቻውን የሚሄደው ሰው የሚረግጠውን ቀጭን መንገድ የሠሩት እነሱ ናቸው። የት እንደሚያዳልጥ፣ የት ሥር እንደወጣ፣ የት ማረፊያ ድንጋይ እንዳለ እግራቸው ያውቃል። በጨለማ የመሄድ እውቀት ያላቸው ሰዎች ካሉ እነሱ ናቸው፤ ያን እውቀት ግን ደስ ብሏቸው አልተማሩትም።

ሴት ልጅ በምሽት ጫካ ውስጥ ብቻዋን ስትሄድ የምታስበው ከወንዱ የተለየ መሆኑም መነገር አለበት። ከእንጨት ተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ በዘበኛም በወሮበላም ተደብድበዋል፣ ተዘርፈዋል፣ ከዚያም የከፋ ደርሶባቸዋል። የሩሶ ዓይነት ራስን መርሳት ለሁሉ እኩል አልተሰጠም። ብቻ መሆንን እንደ ጸጋ የሚያወድስ ጽሑፍ ሁሉ ይህችን ሴት ፊቱ አስቁሞ መመዘን አለበት። እሷ በሰላም የማትሄድበት ምሽት ለወንዱም ሙሉ ምሽት አይደለም፤ በራሱ ደኅንነት ላይ የተንጠለጠለ ዕድል ብቻ ነው።

ጅቡም ባለቤት ነው። የአዲስ አበባ ጅቦች ከተማውን ከሰው ጋር ተካፍለው ይኖራሉ፤ ቀን በገደልና በዋሻ ይውላሉ፣ ማታ ለከተማው ጥራጊ ይወርዳሉ። ድምፃቸው ከሸንተረሩ ሲነሣ ታች ያለው ውሻ ሁሉ ይመልስላቸዋል። ዓይናቸው ከኋላው አንጸባራቂ ሽፋን ስላለው ጭላንጭሉን ሁለት ጊዜ ይጠቀምበታል። የሰው ዓይን በሚዘገይባት በዚያች ጊዜ ጅቡ ሰውየውን በደንብ ያየዋል። ቀን ተመልካች የነበረው አሁን የሚታይ ሆኗል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ደግሞም ትምህርት አለበት። ሰው በጫካው ውስጥ ካሉት ተመልካቾች አንዱ እንጂ ብቸኛው እንዳልሆነ በሐሳብ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በጀርባ ቆዳ ማወቅ ሌላ ነው።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ስልኩን አውጥቶ ያበራል። ይህ ብርሃን ሦስት ሜትር ያሳያል፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ግን ጭራሽ ያጠፋዋል። እየነቁ የነበሩት የጭላንጭል ሕዋሳት በዚያ ነጭ ብርሃን ይታወራሉ፤ ሲጠፋም ዓይን ጨለማውን እንደገና መልመድ ይኖርበታል። ስለዚህ ያበራ ሰው ማብራቱን መቀጠል ግድ ይሆንበታል። ሳያበራ የቆየ ሰው ግን ከጥቂት ትዕግሥት በኋላ ግንዶቹ ከጨለማው ተለይተው ሲወጡ ያያል፤ መንገዱም ከሁለቱ ዳር ገርጥቶ ይታየዋል። በቀጥታ ከሚያየው ይልቅ ገለል አድርጎ የሚያየው ይበልጥ ይታያል፤ የጭላንጭል ሕዋሳት በዓይን መሐል ስለሌሉ ነው። ኮከብ የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ያውቁታል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ጋራው ላይ የተነጠፈ መንገድና መብራት አለ። ሰው በሚበዛበት መንገድ ዳር መብራቱ ትክክል ነው፤ ከሥራ የምትመለሰውን ሴት ይጠብቃታል። ከዚያ ወደ ውስጥ ግን ሁሉንም ማብራት የማታ እንስሳቱን ይጎዳል፣ ሰውንም የሌሊት ዓይኑን ያሳጣዋል። ጨለማ ከተማው ውስጥ እየጠፋ ያለ ሀብት ነው፤ ጫካው ለወፉና ለድኩላው እንደሚጠበቅ ሁሉ ለጨለማውም ሊጠበቅ ይገባዋል።

ሴቶቹ የሠሩት ቀጭን መንገድም እንዲሁ ነው። ከእንጨት ተሸካሚዎቹ መሐል ሸክሙን ትተው ሸማ ወደ መሸመን የተሻገሩ አሉ፤ ኤሌክትሪክ ምጣድ በገባበት ቤትም ቅጠል የሚገዛ ይቀንሳል። ሸክሙ ቢቀር የሚያዝን ሰው ሊኖር አይገባም። ቀጭኑ መንገድ ግን በእግር ካልተረገጠ ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት ቁጥቋጦ ይውጠዋል። ጋራውን የሚያስተዳድሩ ሰዎች የጫካውን ካርታ ሲሠሩ ከተነጠፈው መንገድ ጋር እነዚያንም መንገዶች ሊያሰፍሯቸው፣ በየሥፍራው ሴቶቹ የሚሰጧቸውን ስም ሊጽፉላቸው፣ በጥቅምትና በኅዳር ምሽት መሄድ ለሚፈልግ ሰውም ሴቶቹን በደመወዝ መሪ አድርገው ሊቀጥሯቸው ይችላሉ። ያን ጊዜ መንገድ ላይ የሚጠየቀው ወዴት ነው ሁለት ዓይነት መልስ ያገኛል፤ አንዷ ወደ ሥራዬ ትላለች፣ ሌላው እሷን ተከትዬ ይላል።